ተማሪዎችን ወደ ዓለም የሳይንስ ትርኢት ስለ መምራትና ከደጅ ስለሚቀረው መምህር

አባትና እናት ልጃቸውን ለመምህር በሰጡ ጊዜ ከሀብታቸው ሁሉ የሚበልጠውን አደራ መስጠታቸው ነው። መምህሩ ልጁን በመንደሩ ትምህርት ቤት ሲያስተምር አደራው በወላጆቹ ዓይን ሥር ነው፤ ልጁ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የጎደለ ነገር ቢኖር በማግሥቱ ይጠየቃል። ነገር ግን መምህሩ ልጁን ይዞ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሌላ አገር በሄደ ጊዜ አደራው ሦስት እጥፍ ይከብዳል። አንደኛ፤ የልጁን ሕይወትና ጤና ይጠብቃል። ሁለተኛ፤ የልጁን ሥራ ከሐሰት ይጠብቃል። ሦስተኛ፤ ልጁን የላከውን አገር ስም ይጠብቃል። ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል የቀሩት ሁለቱ ሊቆሙ አይችሉም።

ለትምህርት አገር ለቆ መሄድ ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፤ አኩፋዳውን ተሸክሞ፤ ዜማውን ከአንዱ አገር፤ ቅኔውን ከሌላው፤ ትርጓሜውን ከሦስተኛው ሲፈልግ ኖሯል። ልዩነቱ ያ ተማሪ የሚሄደው ያለ ሞግዚት መሆኑና መምህር ፍለጋ መሆኑ ነው። ዛሬ ግን ተማሪው መምህሩን አስከትሎ ይሄዳል፤ የሚሄደውም ለመማር ብቻ ሳይሆን ራሱ የሠራውን ለማሳየትና ስለ ሥራው ለመጠየቅ ነው። ስለዚህ አብሮት የሚሄደው ሰው ማን መሆን እንደሚገባውና ሥራውም ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል።

ይህ አደራ በግልጥ ከሚፈተንባቸው ስፍራዎች አንዱ በየዓመቱ በአሜሪካ የሚደረገው የዓለም የሳይንስና የምሕንድስና ትርኢት ነው። አመጣጡም እንዲህ ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። በ1921 ኤድዋርድ ስክሪፕስ የሚባል ባለ ጋዜጣና ዊልያም ሪተር የሚባል የእንስሳትን ተፈጥሮ መርማሪ ሊቅ ተባብረው ሳይንስ ሰርቪስ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። አሳባቸውም የሊቃውንት ምርምር በሊቃውንት መካከል ተዘግቶ እንዳይቀርና ተራው ሕዝብ በሚያነበው ጋዜጣ በእውነተኛ ቃል እንዲደርሰው ነበር። ማኅበሩ በ1942 ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የምርምር ውድድር ጀመረ። በ1950 ደግሞ በፊላደልፊያ ከተማ 30 ተማሪዎች ሥራቸውን ለሕዝብና ለዳኞች አሳዩ። በ1958 ካናዳ፣ ጃፓንና ጀርመን ተማሪዎቻቸውን ስለ ላኩ ትርኢቱ የአንድ አገር መሆኑ ቀርቶ የዓለም ሆነ። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሳይሰበሰብ ቀርቶ፤ በ2021 በኮምፒዩተር መስመር ብቻ ተደርጎ፤ ከ2022 ጀምሮ እንደ ገና በአካል መገናኘት ሆኗል። በ2023 በዳላስ፣ በ2024 በሎስ አንጀለስ፣ በ2025 በኮሎምበስ ከተማ በተደረገ ጊዜ በእያንዳንዱ ዓመት ከ60 በላይ ከሆኑ አገሮች የመጡ ከ1,600 በላይ ተማሪዎች ተገኝተዋል። በ30 የተጀመረው ቍጥር ወደዚህ መድረሱ ትንሽ ዘር በበጎ መሬት ሲወድቅ የሚያፈራውን ያሳያል።

ዘሩም በአሜሪካ ብቻ አልቀረም። በ1963 ቶም በርክ የሚባል የቀርሜሎስ ማኅበር ካህንና ቶኒ ስኮት የሚባል ባልንጀራው፤ ሁለቱም በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን የፊዚክስ ተመራማሪዎች ሳሉ፤ ለሥራ ወደ ኒው ሜክሲኮ ሄደው ነበር። በዚያም ተማሪዎች በራሳቸው እጅ የሠሩትን ምርምር በአደባባይ ሲያሳዩ አይተው ተደነቁ። ወደ አየርላንድም በተመለሱ ጊዜ ያዩትን በወሬ ብቻ አላስቀሩትም፤ በ1965 በደብሊን ከተማ የመጀመሪያውን የወጣት ሳይንቲስቶች ትርኢት አቋቋሙ። ያ ትርኢት እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይደረጋል። ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፤ ክህነትና የተፈጥሮን ሥራ መመርመር እርስ በርሳቸው ጠላቶች አለመሆናቸው ነው። ሁለተኛው፤ ወደ ውጭ አገር የተላከ ሰው መንገዱ ለአገሩ ጠቀመ የሚባለው ያየውን በጎ ነገር በአገሩ መሬት በተከለ ጊዜ መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚል ተረት አለ። ይህ ተረት በቤት ሥራ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በምርምር ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ልጅ ስለሚያየው ነገር አዋቂ የማይጠይቀውን ይጠይቃልና። በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ያደገ አንድ ልጅ በሕፃንነቱ በኢትዮጵያ ሠራተኞች በፀሐይ ሐሩር ሲደክሙ ያየውን አልረሳም፤ የቆዳ ካንሰርን ለማከም የሚረዳ፤ ዋጋው ለድሀ የሚቀልል ሳሙና ለመሥራት አሳብ አቅርቦ በ2023 በዚያ አገር በሚደረገው በ3ኤም የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አንደኛ ሆኖ 25,000 ዶላር ተሸለመ። ያን ጊዜ ዕድሜው 14 ዓመት ነበር። ሳሙናው መድኃኒት ተብሎ ለሕዝብ ከመድረሱ በፊት ብዙ ምርመራ ይቀረዋል፤ ሆኖም ብልሃቱ መታየት የሚገባው በዚህ ነው፤ በዚያ ውድድር ለፍጻሜ ለሚደርስ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አዋቂ ሳይንቲስት አማካሪ ሆኖ ይመደብለታል። አማካሪው የልጁን አሳብ በጥያቄ ይፈትናል፤ አሳቡን ግን አይወስድበትም። ልጅ ብቻውን የሚሄድበት መንገድ አጭር ነው፤ አዋቂ ተሸክሞት የሚሄድበት መንገድ ደግሞ የልጁ መንገድ አይደለም።

አሁን ወደ ዓለሙ ትርኢት እንመለስና የሞግዚቱ ሥራ ከየት እንደሚጀምር እንይ። ብዙ ሰው ሥራው የሚጀምረው ከአይሮፕላን ጣቢያ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ከዚያ አንድ ዓመት ያህል አስቀድሞ ይጀምራል። ደንቡ እንደሚያዝዘው ተማሪው ወደ ትርኢቱ የሚገባው ከትርኢቱ ጋር የተያያዘ የአገር ውስጥ ውድድር መርጦት ሲልከው ነው። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚማርና ዕድሜው 20 ዓመት ያልሞላ መሆን አለበት። የሚያሳየው ምርምር ከ12 ወር ያልበለጠ ሥራ ይሁን ይላል። ተማሪው ሥራውን ሳይጀምር የምርምሩን ዕቅድ ይጽፋል፤ ምርምሩ ሰውን ወይም አከርካሪ ያላቸውን እንስሳት ወይም በሽታ የሚያመጡ ጀርሞችን የሚነካ ከሆነ መርማሪ ኮሚቴ አስቀድሞ አይቶ ይፈርምበታል። ፊርማው ሥራው ከተጀመረ በኋላ የተፈረመ ሆኖ ቢገኝ ልጁ ስንት ሌሊት ቢደክምም ሥራው ከውድድር ይወጣል። በመሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ የቀንና የፊርማ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል፤ ልጅ ግን አያውቅም። ስለዚህ ይህን ማወቅ የመምህሩ ዕዳ ነው።

የቀን ነገር ከተነሣ ለኢትዮጵያ ተማሪ የተለየ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ ዘመን ከኤውሮጳ ዘመን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይዘገያል። የልጁ የልደት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደ ተጻፈ ሳይመለስ ወደ ውጭ አገር ወረቀት ቢገባ የ16 ዓመቱ ልጅ የ23 ወይም የ24 ዓመት ጐልማሳ ሆኖ ይታያል፤ በዕድሜ ወሰን የተወሰነው ውድድርም በሩን ይዘጋበታል። ፓስፖርቱ አንድ ቀን፤ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ሌላ ቀን ቢናገሩ ደግሞ ልጁ ያልሠራውን ሐሰት እንደ ሠራ ይጠረጠራል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያዊው ቀኑን ከንጋት ይቈጥራል፤ ፈረንጁ ከእኩለ ሌሊት ይቈጥራል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ና የተባለ ልጅ ከቀትር በኋላ የመሰለው እንደ ሆነ ዳኞቹ በማለዳ መጥተው ባዶ ስፍራ አይተው ያልፋሉ። እነዚህ ነገሮች ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ነገር ግን የአንድ ዓመት ድካም የሚጠፋው በጥቃቅን ነገር ነው።

ስለ ምግብም ወላጆች ይጨነቃሉ። ከ2022 እስከ 2025 በተደረጉት ዓመታት ትርኢቱ የዋለው በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት መጀመሪያ፤ ማለት በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለ ሆነ ለክርስቲያኑ ተማሪ የጾም ችግር አልነበረም። ሆኖም ክርስቲያኑም እስላሙም በሃይማኖቱ የማይበላው ነገር ስላለ መምህሩ አስቀድሞ ጠይቆ ማወቅ ይገባዋል። ልጅ የሚበላውን አጥቶ ሲያፍር ዝም ይላል፤ ዝም ብሎም ይራባል፤ የተራበ ልጅ ደግሞ በዳኞች ፊት የሚያውቀውን ይረሳል።

ከዚህ በኋላ የይለፍ ወረቀት ወይም የቪዛ ጉዳይ ይመጣል። በዚህ ነገር ላይ የአፍጋኒስታን ልጃገረዶች ታሪክ ለሁሉ ትምህርት ይሆናል። በሐምሌ 2017 በዋሽንግተን ከ150 በላይ አገሮች የተካፈሉበት የወጣቶች የሮቦት ውድድር ተደርጎ ነበር። የዚያ ዓመት ሥራ የተበከለውን ውሃ ከንጹሑ የሚለይ መሣሪያ መሥራት ነበር፤ ውሃውም ቀለማቸው በተለያየ ኳሶች ይመሰል ነበር። ከሄራት ከተማ የተመረጡ ስድስት ልጃገረዶች ቪዛ ለመጠየቅ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ካቡል ሁለት ጊዜ ተጓዙ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተከለከሉ። መሣሪያ የሚሠሩበት ዕቃም በጉምሩክ ብዙ ቀን ስለ ተያዘባቸው ሌሎች በወራት የሠሩትን እነርሱ በጥቂት ሳምንት ሊሠሩ ተገደዱ። የሠሩት መሣሪያ እንዲወዳደር ሲፈቀድ ሠሪዎቹ ከሩቅ በመስኮተ ብርሃን እንዲመለከቱ ተወስኖ ነበር። ነገሩ በዓለም ጋዜጦች ስለ ተሰማ በመጨረሻ ከፍተኛው የአሜሪካ ባለሥልጣን ገብቶበት ተፈቀደላቸው። በውድድሩም ስለ ብርታታቸው የብር ሜዳይ ተሸለሙ።

የነዚህ ልጃገረዶች ታሪክ ግን በሜዳይ አልተፈጸመም። ወደ አገራቸው ከተመለሱ ከጥቂት ቀን በኋላ በሄራት በአንድ መስጊድ ላይ በደረሰው የቦምብ አደጋ የአንዲቱ ልጃገረድ አባት ሞተ። ቢሆንም በዚያው ዓመት መጨረሻ ማኅበራቸው በኤስቶኒያ በተደረገ ሌላ ውድድር አሸነፈ። በ2021 የአፍጋኒስታን መንግሥት በተለወጠና የሴቶች ልጆች ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል በላይ በተከለከለ ጊዜ ከማኅበሩ አንዳንዶቹ ወደ ቀጠር፤ አንዳንዶቹም ወደ ሜክሲኮ ተሰደዱ። ሞግዚት ሆኖ የሚሄድ ሰው ይህን ማሰብ አለበት፤ የሚመራው ልጅ ከትርኢቱ በኋላ የሚመለስበት ቤትና የሚመለስበት ትምህርት ቤት አለው። ያ ቤትና ያ ትምህርት ቤት ካልጸኑ የሽልማቱ ብርሃን እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

በዚያው በ2017 ውድድር ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ከብሩንዲ የመጡ ስድስት ተማሪዎች ውድድሩ ሲፈጸም ጠፉ። የዋሽንግተን ፖሊስ ፎቶግራፋቸውን አውጥቶ ፈለጋቸው፤ ከነርሱም ሁለቱ ወደ ካናዳ ተሻግረው እንደ ገቡ ታወቀ። ፖሊስም ክፉ ሰው ነጥቆ ወስዷቸዋል የሚያሰኝ ምልክት አላገኘም። በልጆቹ ላይ መፍረድ ቀላል አይደለም፤ በዚያ ጊዜ አገራቸው በሁከት ውስጥ ነበረችና። ነገር ግን በዚያች ሌሊት በማደሪያው መተላለፊያ ቆሞ ባዶ ክፍል የሚያይ ሞግዚት ምን እንደሚሰማው እያንዳንዱ ባለ አደራ በልቡ ሊያስበው ይችላል። ለወላጆቹ ምን ብሎ ይናገራል? ለላከው መሥሪያ ቤትስ? ከሁሉም የሚከፋው፤ በሚመጣው ዓመት ቪዛ ለመጠየቅ በመስኮቱ ፊት የሚቆመው ሌላው ንጹሕ ተማሪ ያልሠራው ጥፋት ይቈጠርበታል። ለዚህ መድኃኒቱ በልጆች ላይ በር መቈለፍ አይደለም፤ ከጉዞው በፊት ልጁንም ወላጆቹንም በቅንነት ማነጋገር፤ ልጁ የሚመለስበትን ተስፋ በአገሩ ማሳየት ነው። ተስፋ ያለው ሰው ወደ ተስፋው ይመለሳል።

ከትርኢቱ አዳራሽ በደረሱ ጊዜ ልጁ ሰሌዳውን ያቆማል። የሰሌዳው ስፋት ከ122 ሳንቲ ሜትር፤ ከመሬት እስከ ራሱ ያለው ከፍታ ከ274 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ተመልካቾች ወደ ስፍራው መጥተው ይመረምራሉ። ሕይወት ያለው ነገር፤ ተክል ቢሆን አፈር፣ ምግብ፣ ማንኛውም ኬሚካል፤ እስከ ውሃ ድረስ፤ በሰሌዳው ፊት ማኖር ክልክል ነው። የአገሩን አፈር የመረመረ ልጅ አፈሩን ሳይሆን ፎቶግራፉን ያሳያል፤ ፎቶግራፉንም ማን እንዳነሣው ከሥሩ ይጽፋል። አስቀድሞ ያገኘውን ሜዳይና የአገሩን ባንዲራም በሰሌዳው ላይ መስቀል አይፈቀድለትም። ይህ ለጊዜው የሚከብድ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ጠንካራ ነው። ዳኛው የትልቅ አገር ልጅ ነው ብሎ እንዳያደላ፤ የትንሽ አገር ልጅ ነው ብሎም እንዳያዝን፤ ሥራው ብቻውን ይናገር ማለት ነው። ፊት አይቶ የማያደላ ዳኛ እንዲገኝ አስቀድሞ ፊትን የሚያሳየውን ነገር መሰወር ጥበብ ነው።

ቀጥሎ የፍርዱ ቀን ይመጣል፤ የመምህሩም ትልቁ ፈተና ይህ ነው። በዚያ ቀን ወደ አዳራሹ የሚገቡ ተማሪዎች፣ ዳኞችና ቋንቋ ላልቀናው ልጅ የተመደቡ አስተርጓሚዎች ናቸው። አባት ቢሆን እናት፤ መምህር ቢሆን ሹም፤ ማንም ሞግዚት አይገባም። ከስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ልጁን ይዞ የመጣው ሰው በደጅ ይቀራል። ውስጥ ያለውን አያይም፤ አይሰማም። ዳኞቹ ብዙ ዘመን የተማሩ ሊቃውንት ናቸው፤ በየተራቸው ወደ ልጁ ቀርበው ይህን ለምን አደረግህ፤ ይህ ቍጥር ከየት መጣ፤ ተሳስተህ ቢሆንስ በምን ታውቃለህ እያሉ ይጠይቁታል። ልጁ ያልሠራውን ሥራ ሠራሁ ብሎ ቢሆን በዚያች ሰዓት ይገለጣል። መልሱን ከመምህሩ የተቀበለ ልጅ ጥያቄው ጥቂት ሲለወጥ መልሱ ይጠፋበታል፤ በራሱ የደከመ ልጅ ግን አላውቅም ማለትን እንኳ በድፍረት ይናገራል።

ይህ ሥርዓት በቅኔ ቤት ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም። ተማሪው ቅኔውን ሊቈጥር ከዛፍ ሥር ብቻውን ይቀመጣል፤ በነገራ ጊዜ ከመምህሩ ፊት ቆሞ ራሱ የቈጠረውን ይናገራል። መምህሩ ቤቱ እንደ ጎደለ ይነግረዋል፤ ምስጢሩ እንደ ሳተ ያሳየዋል፤ ሂድና እንደ ገና ቍጠር ይለዋል። አዝኖለት ቅኔውን ራሱ ቢሰጠው ግን ወዶት ሳይሆን ዘርፎት ነው፤ ልጁ ሊያገኘው የሚገባውን ብርታት ወስዶበታልና። በዓለሙ ትርኢትም መምህሩ ልጁን የሚወድደው ከደጅ መቅረትን በመቻል ነው። ሥራው የተፈጸመው በሩ ከመዘጋቱ በፊት ከሆነ ከደጅ መቅረቱ አያስፈራውም። በሩ ሲዘጋ የሚንቀጠቀጥ መምህር ግን ወይ ልጁን አላስተማረም፤ ወይ ሥራውን ሠርቶለታል።

እውነትን ስለ መናገር ከአየርላንድ የተገኘው ምሳሌ መጠቀስ አለበት። ሣራ ፍላነሪ የምትባል የ16 ዓመት ልጃገረድ በ1999 የአየርላንድን የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አሸነፈች። ሥራዋ ጽሕፈትን በምስጢር የመሰወር የሒሳብ ብልሃት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከታወቀው ዋና ብልሃት ይልቅ የፈጠነ ሆኖ ስለ ተገኘ ጋዜጦች ስሟን ከፍ ከፍ አደረጉ። አባትዋ በኮርክ ከተማ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ በማድ ቤታቸው ሰሌዳ ሰቅለው ለልጆቻቸው እንቆቅልሽ ይጽፉ ነበር፤ መልሱን ግን ለልጆቹ ይተዉ ነበር። ከሽልማቱ በኋላ ብልሃቱ ሲመረመር ሊፈታ የሚችል መሆኑ ታወቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ክብሩ እንዳይጎድል ይህን በሸሸገ ነበር። እርስዋ ግን ብልሃቱ የሚፈርስበትን መንገድ ራስዋ በሥራዋ ውስጥ ጨምራ ጻፈች፤ እንዲሁም ሆኖ በዚያው ዓመት በተሰሎንቄ ከተማ በተደረገው የኤውሮጳ ወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር ከአንደኛ ደረጃ ሽልማቶች አንዱን ተቀበለች። ዳኞቹ ያከበሩት ስሕተት የሌለበትን ሥራ ሳይሆን ስሕተቱን የማይሰውር ልብን ነው። ልጅን ወደ ውድድር የሚመራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስተምረው የሚገባው ይህን ነው።

ከፍርዱ ቀን በኋላ ሽልማቱ ይታደላል። ለከፍተኞቹ የሚሰጠው ገንዘብ እጅግ ብዙ ነው፤ በ2025 ለመጀመሪያው ተሸላሚ የተሰጠው 100,000 ዶላር ነበር። ነገር ግን ከ1,600 ተማሪዎች የሚበልጡት ያለ ሽልማት ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ መዘንጋት አይገባም። በዚያች ምሽት ልጁ ስሙ ሳይጠራ ሲቀር አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ማን ነው? በመጀመሪያው ቀን ከማያውቀው አገር ልጅ ጋር የአገሩን ትንሽ ምልክት በደረቱ ሊያደርግ የተለዋወጠው፤ ዳኛው የጠየቀው ጥያቄ፤ በጐኑ የቆመው የሌላ አገር ልጅ ያሳየው ብልሃት፤ ይህ ሁሉ ሀብት መሆኑን የሚያስረዳው ማን ነው? ልጁን ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሮ የሚያውቅ መምህር ከሆነ ቃሉን ያገኛል። ልጁን ያወቀው በአይሮፕላን ውስጥ ከሆነ ግን ምንም ቃል አያገኝም።

ስለዚህ ነገሩ ወደ መሥሪያ ቤቶች ይመለሳል። ለሞግዚት የሚሰጠው የጉዞ ስፍራ አንድ ወይም ሁለት በሆነ ጊዜ ለማን ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ለብዙ ዘመን ላገለገለ ሹም እንደ ዋጋ ቢሰጥ ሹሙ ይደሰት ይሆናል፤ ልጁ ግን ያለ መምህር ይቀራል። ባህሩን ተሻግሮ ከልጁ ጋር ሊሄድ የሚገባው ልጁ በሌሊት ሲሠራ መብራቱን ያበራለት፤ ስሕተቱን ያየ፤ ዕቅዱን ያነበበ መምህር ነው፤ ደመወዙ ትንሽ፤ ማዕረጉ ዝቅተኛ፤ ትምህርት ቤቱም ከዋና ከተማ የራቀ ቢሆን። ሴቶች ልጆች በሚላኩበት ጊዜ ደግሞ ሴት መምህርት አብራ እንድትሄድ ማድረግ ለወላጆች ልብ ትልቅ ዕረፍት ነው። ጉዞውን የሚያዝዝ ባለሥልጣን እንዲህ ያለውን ምርጫ ቢያደርግ ለራሱ መቀመጫ ያጣ ቢመስልም ለአገሩ መምህር አግኝቷል።

የጉዞው መጀመሪያም በአገር ውስጥ ነው። በቀበሌው ትምህርት ቤት ልጆች የሠሩትን በአንድ አዳራሽ አቁመው ለወላጆቻቸው የሚያሳዩበት ቀን ከሌለ ወደ ዓለም ትርኢት የሚሄድ ተማሪ ከየት ይገኛል? የፊላደልፊያው ትርኢት በ30 ልጆች ተጀምሯል፤ የደብሊኑም ሁለት ሰዎች በመንገድ ባዩት ነገር ተነሥቷል። ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ልጁ ሲናገር ዝም ብሎ የሚያዳምጥ አዋቂ ነው። የደብር አለቃም፤ የወረዳ ሹምም በዚያ ቀን ተገኝተው ለልጁ አንድ ጥያቄ ቢጠይቁት ልጁ ያን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

በመጨረሻ ከአዳራሹ ደጅ የቀረውን መምህር እናስበው። ሰዓቱ ይረዝምበታል። በእጁ የልጆቹን ፓስፖርቶች ይዟል፤ ቁጥራቸውንም ደጋግሞ ይቈጥራል። ውስጥ ሆኖ ሊረዳቸው አይችልም፤ ሊረዳቸው የሚችለውን ሁሉ ቀደም ብሎ አድርጓል። በሩ ሲከፈት ልጆቹ ደክመው፤ ድምፃቸው ሰልሎ ይወጣሉ። ያን ጊዜ ብልህ መምህር አሸነፋችሁን ብሎ አይጠይቅም፤ ምን ጠየቋችሁ ይላል። ልጆቹም የተጠየቁትን እየተሻሙ ሲነግሩት እርሱ ራሱ የማያውቀውን ነገር ከነርሱ አፍ ይሰማል። አደራው ተፈጸመ የሚባለው መምህሩ ከተማሪው መማር በጀመረ ጊዜ ነው፤ ከዚያ የሚቀረው ልጆቹን በደኅና ወደ እናቶቻቸው መመለስ ብቻ ነው።